አሞሌ፣ ጠገራ ብርና ወርቅ፦ የባሶ ገበያ ለዛሬው ነጋዴ የሚያስተምረው

ለመሆኑ ወርቅ ገንዘብ ነው፣ ሸቀጥ ነው ወይስ ጥሪት? ጥያቄው የኢኮኖሚክስ ተማሪ የፈተና ጥያቄ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በደብረ ማርቆስ፣ በደጀን፣ በቢቸናና በአማኑኤል ገበያዎች ጤፉን ሸጦ ገንዘብ የያዘ ነጋዴ ሁሉ በየዓመቱ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልኩ ይጠይቃል። ገንዘቡ ባንክ ይቀመጥ? ጤፉ ለክረምት ይቆይ? ወይስ ወርቅ ይገዛበት? ጥር ሲገባ ደግሞ ሠርጉ ይበዛል፤ የወርቅ ፈላጊውም አብሮ ይበዛል።

የሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ያለው አንድ ነገር ላይ ነው። ወርቅና ብር ገንዘብም፣ ሸቀጥም፣ ጥሪትም ሆነው ያገለግላሉ። ይሁንና በእያንዳንዱ ሥራቸው የሚያወጡት ዋጋ የተለያየ ነው። ሰው የሚከስረው በአብዛኛው በአንዱ ሥራ ዋጋ ገዝቶ በሌላው ሥራ ዋጋ ሲሸጥ ነው። ይህን ለመረዳት ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ አባይ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ላይ ከነበረው ከባሶ ገበያ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ሦስቱ "ገንዘቦች" በአንድ ገበያ

ባሶ በዛሬው ባሶ ሊበን ወረዳ፣ በየጁቤ አካባቢ የነበረ ገበያ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጎጃም ገበያዎች ሁሉ የታወቀው እርሱ ነበር። ከአባይ ማዶ ከእናርያና ከሌሎች የኦሮሞ አገሮች ወርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣበታል። በዘመኑ ሰውም እንደ ሸቀጥ ይሸጥበት ነበር። ከሰሜን ደግሞ የጎንደርና የምፅዋ መስመር ነጋዴዎች ጨው፣ ጨርቅና ጠገራ ብር ይዘው ይወርዳሉ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በየጁቤ ተቀምጦ የዚህን ገበያ አሠራር በጽሑፍ አስቀርቷል።

በዚህ ገበያ ላይ ሦስት ነገሮች ጎን ለጎን ይንቀሳቀሱ ነበር። አንደኛው አሞሌ፣ ማለትም ተጠርቦ የሚሸጠው የጨው ጡብ ነው። ሁለተኛው በኦስትሪያ ንግሥት በማርያ ቴሬዛ ምስል የተቀረጸው፣ የአገራችን ሰው ጠገራ ወይም ማርትሬዛ የሚለው ብር ነው። ሦስተኛው በሚዛን የሚሸጠው ወርቅ ነው። ሦስቱም የየራሳቸውን ትምህርት ይሰጣሉ።

አሞሌ፦ ዋጋው በመንገዱ ርዝመት የሚበቅል

አሞሌ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ቆይቶ የተመለከተውን ሲጽፍ፣ ጨው በሚቆረጥበት አካባቢ ከ120 እስከ 130 የሚሆኑ አሞሌዎች በአንድ ድራም ወርቅ ይለወጡ እንደነበር ይገልጻል። ጨው ከገበያ ወደ ገበያ በተጓዘ ቁጥር ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄድና ከንጉሡ ከተማ ሲደርስ ያንኑ ወርቅ የሚያመጡት 6 ወይም 7 አሞሌዎች ብቻ ናቸው።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? በመጀመሪያ ከማጓጓዣው ወጪ ነው። ጨው ለክብደቱ ዋጋው ትንሽ ስለሆነ የበቅሎው ኪራይ፣ በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥ፣ በዝናብ የሚሟሟውና በመንገድ የሚሰበረው ሁሉ በዋጋው ላይ ይጫናል። ሁለተኛው ምክንያት አሞሌ የሚበላ ገንዘብ መሆኑ ነው። የጨው ፍላጎት ሲጨምር ገንዘቡ ወደ ወጥ ቤት ይገባል፤ በገበያው ላይ የሚዘዋወረው ይቀንሳል። ስለዚህ አሞሌን በጎጃም ጥሪት አድርጎ ማስቀመጥ ጤፍን ጎተራ ከማስገባት ብዙም አይለይም። ትርፉ ያለው ከርካሹ ቦታ አምጥቶ በውዱ ቦታ መሸጡ ላይ እንጂ ይዞ መቀመጡ ላይ አይደለም።

ወርቅ በዚህ ረገድ የአሞሌ ተቃራኒ ነው። ለክብደቱ ዋጋው ከፍተኛ በመሆኑ በመንገድ ርዝመት የሚጨመርበት ትንሽ ነው። ዛሬም ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ደብረ ማርቆስና በፒያሳ የወርቅ ሱቆች መካከል የሚኖረው የብረቱ ዋጋ ልዩነት ጠባብ መሆን አለበት። ሰፊ ልዩነት ከታየ ልዩነቱ የብረቱ ሳይሆን የእጅ ሥራው፣ የጥራቱ ወይም የሻጩ መረጃ ማጣት ነው ማለት ይቻላል።

ጠገራ፦ እምነትና ብረት በአንድ ላይ

ማርትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 83.3 በመቶው ንጹሕ ብር ነው፤ ይኸውም 23.39 ግራም ወይም 0.752 አውንስ መሆኑ ነው። ቀሪው መዳብ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተመታው ጠገራ ሁሉ ይህንኑ ዓመት እንደያዘ ነው።

የአገራችን ነጋዴ ጠገራውን ሲቀበል ዝም ብሎ አልነበረም። በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች፣ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥና ከምስሉ በታች ያሉትን ሁለት ፊደሎች ይመረምር ነበር። ምልክቱ የፈዘዘ ብር ብረቱ ያው ቢሆንም እንኳ በሙሉ ዋጋው አይወሰድም። እዚህ ላይ ቁም ነገር አለ። የብሩን ክብደት ብቻ የሚፈልግ አንጥረኛ ስለ ምስሉ አይጨነቅም። ነጋዴው ግን የሚጨነቀው ነገ የሚቀበለው ሰው ስለሚጨነቅ ነው። ገንዘብ ማለት ሌላው ሰው የሚቀበለው ማለት ነውና።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በራሳቸው ምስል ብር ሲያስመቱ ክብደቱም የብሩም መጠን ከማርትሬዛ ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ነበር። ሆኖም ገበያው ለረጅም ጊዜ የለመደውን ማርትሬዛ ሲያስቀድም ቆይቷል። በብረት እኩል የሆኑ ሁለት ሳንቲሞች በገበያ እኩል አለመሆናቸው የገንዘብ ዋጋ ከብረት ዋጋ በላይ የሆነ ነገር እንዳለው ያሳያል።

ጠገራው ሌላም ሥራ ነበረው። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት ከአንድ ጠገራ ክብደት፣ ማለትም ከ28 ግራም ገደማ ጋር የተያያዘ ነበር። ስለዚህ ሳንቲሙ በአንድ በኩል መክፈያ፣ በሌላ በኩል የሚዛን ድንጋይ ነበር። አልቦ፣ ድሪ፣ አምባርና የአንገት መስቀል ለማሠራት ሲፈለግ ደግሞ ወደ አንጥረኛው እሳት ይገባል። በዚያን ጊዜ ገንዘቡ ሸቀጥ ይሆናል።

የጎጃም ሀብት ዋጋው የተቆረጠው ለንደን ላይ ነው

ጠገራውን በሣጥን ቆልፎ ያስቀመጠ የጎጃም ባለሀብት ሀብቱ በእጁ ያለ ይመስለው ነበር። ብረቱ በእርግጥ በእጁ ነው። ዋጋው ግን ከእጁ ውጭ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1871 በኋላ ጀርመን የብር ገንዘቧን ትታ ወደ ወርቅ ገንዘብ ዞረች። ሌሎች የአውሮፓ አገሮችም ተከተሉ። በዚያው ዘመን የአሜሪካ ማዕድናት የብር አቅርቦትን አበዙት። ፍላጎት ሲቀንስና አቅርቦት ሲበዛ የሚሆነው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 በለንደን ገበያ አንድ አውንስ ብር 60 ፔንስ ገደማ ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 ወደ 29 ፔንስ ወርዷል።

ይህን ወደ ጠገራ ስናዞረው፣ በማርትሬዛ ውስጥ ያለው ብር በመጀመሪያው ጊዜ ከ4 ሺሊንግ ጥቂት ይበልጥ ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ 2 ሺሊንግ ገደማ ሆነ። በ22 ዓመት ውስጥ በሣጥኑ ካለው አንድም ሳንቲም ሳይጎድል የውጭ ዕቃ የመግዛት ኃይሉ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920 መጀመሪያ ብር እስከ 89.5 ፔንስ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 እስከ 12 ፔንስ ገደማ ወረደ። ጠገራውን መቼ እንደገዛና መቼ እንደሸጠ የነጋዴውን ዕጣ ወሰነው።

ከአገር ውስጥ ደግሞ ሌላ አደጋ ነበር። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ ከአባይ ማዶ ያለውን የንግድ መስመር ይፈልጉ ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ያንኑ ይፈልጉ ነበር። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ በተደረገው ጦርነት ምኒልክ ድል አደረጉ። የደቡቡ ወርቅና ቡና ከዚያ በኋላ ወደ ሸዋ ገበያዎች ማዘንበሉ በባሶ ላይ ከባድ ጉዳት አስከተለ። ገበያ ያለ መስመር አይቆምምና።

ከብረት ወደ ወረቀት

የጠገራ ዘመን በሕግ የተዘጋው በ1937 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በወጣ ጊዜ ነው። አዲሱ ብር በሕግ የተወሰነለት የወርቅ መጠን 5.52 ግሬይን፣ ማለትም ከአንድ ግራም 36 በመቶ ገደማ ነበር። ሕዝቡ ወረቀት እንዲለምድ ከወረቀቱ ጋር እውነተኛ ብር ያለበት የ50 ሳንቲም ዝርዝር አብሮ ወጥቶ ነበር። ይህም መንግሥት የገበያውን ጠባይ እንደተረዳ ያሳያል።

በዚያ ተመን አንድ አውንስ ወርቅ 87 ብር ገደማ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1971 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዶላር በ35 ዶላር አንድ አውንስ ወርቅ የሚለወጥበትን አሠራር አቆሙ። ከዚያ ወዲህ የወርቅ ዋጋ የሚቆረጠው በገበያ ነው። በ2018 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ አንድ አውንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4,000 ዶላር በላይ ሆነ። በወቅቱ የባንኮች የምንዛሪ ተመን ሲሰላ ከ550 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው።

ከ87 ብር ወደ 550 ሺህ ብር! ይህን የሰማ ሁሉ ወርቅ ለመግዛት ይቸኩላል። ነገር ግን ቁጥሩ ለሁለት መከፈል አለበት። ወርቅ በዶላር ሲቆጠር ከ35 ወደ 4,000 ከ110 ጊዜ በላይ አድጓል። ቀሪው፣ ማለትም ከ55 ጊዜ በላይ የሆነው ጭማሪ፣ ብር ከዶላር አንጻር ያጣው ዋጋ ነው። አንድ ዶላር በ2.48 ብር ተጀምሮ፣ ለረጅም ዓመታት በ2.07 ቆይቶ፣ በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጣ። ይህ ሁለተኛው ክፍል ትርፍ ሳይሆን መከላከያ ነው። ወርቅ የያዘው ሰው በዚህ ክፍል አልበለጸገም፤ ሌላው ሲደኸይ እርሱ ባለበት ቆሟል።

ከዚህም በላይ ወርቅ ሁልጊዜ አይወጣም። በ1972 ዓ.ም. ጥር ወር ወርቅ 850 ዶላር ደርሶ ነበር፤ በወቅቱ ተመን 1,760 ብር ገደማ ነው። በ1991 ዓ.ም. ሐምሌ ወር 253 ዶላር ገደማ ወረደ፤ ብር እንኳ ቀንሶ በ8 ብር ገደማ ሲሰላ 2,000 ብር ያህል ነው። በዚያ ከፍታ የገዛ ሰው ከ19 ዓመት በኋላ በብር ቁጥር እንኳ ያተረፈው ጥቂት ነው። ኑሮው የተወደደበትን ሲያሰላ ደግሞ ከስሯል። ወርቅ አይወልድም፤ ወለድም ኪራይም የለውም። ትርፉ ያለው በተገዛበትና በተሸጠበት ዋጋ መካከል ብቻ ነው።

ባንክስ? ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በ2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ከዚህ አኳያ ነጋዴው ወደ ወርቅ ማየቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ጥያቄው ምን ዓይነት ወርቅ የሚለው ነው።

ጡብና ጌጥ፦ ሒሳቡ እንዲህ ነው

በዓለም ገበያ ለኢንቬስትመንት የሚሸጠው ጡብ ወርቅ ነው። ባንኮች የሚለዋወጡት የለንደን ጡብ 400 አውንስ፣ ማለትም 12.5 ኪሎ ግራም ገደማ ሆኖ ጥራቱ ከ1,000 እጅ 995 እና ከዚያ በላይ ነው። መለያ ቁጥርና የአጣሪው ማኅተም አለበት። ገዢውና ሻጩ የሚከራከሩት በጥቂት ሳንቲሞች ነው። በአገራችን ሱቆች ለተራው ገዢ የሚቀርበው ግን ጌጥ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል የንጹሕ ወርቅ ዋጋ በግራም 10,000 ብር ነው እንበል። አንድ ሰው 10 ግራም የሚመዝን ባለ 18 ካራት ሐብል ይገዛል። 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ ነው፤ ስለዚህ በሐብሉ ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 7.5 ግራም ነው።

– የብረቱ ዋጋ፦ 7.5 × 10,000 = 75,000 ብር
– የእጅ ዋጋና የሱቅ ትርፍ፣ በግራም 1,500 ቢሆን፦ 15,000 ብር
– ገዢው የሚከፍለው፦ 90,000 ብር

ሱቁ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ ታክሱ ከዚህ በላይ ነው። ገዢው በማግሥቱ ሐሳቡን ለውጦ ቢሸጠው ገዢ ሱቅ የሚያየው ብረቱን ብቻ ነው። ለማቅለጫና ለትርፉ 5 በመቶ ቢቀንስ 71,250 ብር ይከፍላል። 18,750 ብር ወይም 21 በመቶ ገደማ በአንድ ሌሊት ጠፋ። ያንን 90,000 ብር ለመመለስ ብቻ የንጹሕ ወርቅ ዋጋ ከ10,000 ወደ 12,630 ብር ገደማ፣ ማለትም በ26 በመቶ መውጣት አለበት። ትርፍ የሚባለው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ማለት ጌጥ መግዛት ስህተት ነው ማለት አይደለም። ለሙሽራ የተገዛ ሐብል ይለበሳል፤ የእጅ ዋጋውም ለውበቱ የተከፈለ ነው። ስህተቱ ለውበቱ የከፈሉትን እንደ ቁጠባ መቁጠር ነው። የቅኔ አገር የሆነው ጎጃም ሰምና ወርቅን ከአንጥረኛው ሙያ ወስዶ ያውቃቸዋል። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ ወርቁ ሲፈስ ሰሙ ይቀልጣል። ጌጡ ለሽያጭ ሲቀርብም እንዲሁ የቅርጹ ዋጋ ይቀራል፤ የሚመዘነው ወርቁ ነው።

ማጭበርበርና "የጥንት ብር"

ጥራት ሳይፈተሽ የተገዛ ወርቅ ሌላ አደጋ አለው። በ2000 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ የነበረ የብሔራዊ ባንክ ወርቅ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ በመገኘቱ መመለሱ በዓለም ዜና ማሠራጫዎች ተዘግቧል። ባንክ ላይ የደረሰ በግለሰብ ላይ ላለመድረሱ ዋስትና የለም። በመፈተኛ ድንጋይና በአሲድ የሚደረገው ፍተሻ የሚያሳየው የላዩን ብቻ ነው። ስለዚህ ክብደትን ከመጠን ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። አንድ ሳንቲ ሜትር ኩብ ንጹሕ ወርቅ 19.3 ግራም ይመዝናል፤ ንጹሕ ብር 10.5፣ ተራ ብረት ደግሞ 8 ግራም እንኳ አይሞላም።

በጠገራ በኩል ደግሞ የሚያሳስበው ዕድሜው ነው። 1780 የሚል ጽሑፍ ያለበት ብር ሁሉ የ1780 አይደለም። በዚያው ቅርጽ በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተመትቷል። "ከ200 ዓመት በላይ የቆየ" እያለ የሚያጋንን ደላላ የሚሸጠው ታሪክ እንጂ ብር አይደለም። ሒሳቡ ቀላል ነው። የብር የዓለም ዋጋ በአውንስ 40 ዶላር ቢሆን በአንድ ጠገራ ውስጥ ያለው ብር 30 ዶላር ያወጣል። ከዚህ በላይ የሚከፈለው ለቅርሱ ነው፤ የቅርሱን ዋጋ ደግሞ የሚከፍል ሌላ ሰብሳቢ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የገበያው ሌላ ገጽ

ወርቅ ለአገር ሸቀጥ ነው። ኢትዮጵያ በ2017 የበጀት ዓመት ከወርቅ ኤክስፖርት 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አግኝታለች፤ ይህም ከቡና የበለጠ ነው። የባህላዊ አምራቾች ወርቅ ሕጋዊ መዳረሻው ብሔራዊ ባንክ ነው። ያልተሠራ ወርቅ መነገድ ፈቃድ ይጠይቃል። ከአባይ ማዶ ከቤኒ ሻንጉል በኩል "በቅናሽ" መጣ የተባለ ጥሬ ወርቅ የሚቀርብለት ነጋዴ የዋጋውን ቅናሽ ብቻ ሳይሆን የመወረሱን አደጋም በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።

እንግዲህ ወርቅ ወይም ብር ለመግዛት ያሰበ ሰው ከመክፈሉ በፊት አራት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቀማል። በዕቃው ውስጥ ያለው ንጹሕ ብረት ስንት ግራም ነው? ከምከፍለው ውስጥ ስንቱ የብረት፣ ስንቱ የእጅና የታክስ ነው? ይኸው ሱቅ ዛሬውኑ በስንት መልሶ ይገዛኛል? ገንዘቡ ሳያስፈልገኝ ስንት ዓመት ልይዘው እችላለሁ? የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ሻጩ በደረሰኝ ላይ ሊጽፋቸው ይገባል፤ ሊጽፍ ካልፈለገ ግዢውን መተው ነው። አራተኛውን የሚመልሰው ገዢው ራሱ ነው። መልሱ "እስከሚቀጥለው የጤፍ ግዢ ድረስ ብቻ" ከሆነ፣ ከላይ በተሰላው 26 በመቶ ምክንያት ገንዘቡ ጌጥ ውስጥ መግባት የለበትም።